ግድግዳ ላይ ያለው ሰውዬ

ግንቦት 4፣ ሰኞ

ኃላፊው ዛሬ ሰበሰበን። ሥር የሰደዱ በሽታዎችን ለመከላከል የወጣው አገር አቀፍ ፖሊሲ ከላይ ወርዷል፤ ሥራው ከሚጀመርባቸው ከተሞች አንዷ የኛ ናት። ጨው መቀነስ፣ ሲጋራ፣ እንቅስቃሴ፣ ከሠላሳ ዓመት በላይ የሆነ ሰው ሁሉ የደም ግፊቱን እንዲለካ ማድረግ። ሰነዱ ጠረጴዛ ላይ ሲያርፍ እንደ ጡብ ድምፅ አለው። ማንም አላነበበውም። ኃላፊው ጣቱን ወደኔ አዞረ።

«ቅስቀሳው ያንቺ ነው። ሰኔ ሳያልቅ ከላይ ጎብኚዎች ይመጣሉ። ግድግዳ ላይ የሚታይ ነገር እፈልጋለሁ።»

«ሰው ይስጡኝ» አልኩት።

«ሰውማ አንቺ ነሽ።»

ሁሉም ሳቁ። እኔም ሳቅኩ። የቡድን መሪነቱ ቦታ ክፍት መሆኑን ማንም አላነሳም፤ ሁሉም ግን ያስበዋል። እኔ አላሰብኩትም።

ግንቦት 8

ያዘጋጀነው ፖስተር ተመልሶ መጣ። ምስሉ ከኢንተርኔት የወረደ የሌላ አገር ሰው ነው ተባለ። መመሪያው «ሕዝቡ ራሱን የሚያይበት ምስል» ይላል። ፎቶ ለማስነሳት በጀት የለም። ማተሚያ ቤቱ በሁለት ቀን ውስጥ ካላመጣችሁ ወረፋችሁ ያልፋል ብሏል።

ግንቦት 10

ሩጫ። ለዲዛይነሩ ከስልኬ አንድ ፎቶ ላክሁለት። ልጄ የተመረቀች ቀን ያነሳሁት ነው፣ የወንድሜ የጋሼ። ለጊዜው ብቻ፣ ቦታ እንዲይዝ። ትክክለኛው እስኪገኝ።

ግንቦት 17

ታተመ።

ጋሼ ነው። የሸሚዙ ቁልፎች ሆዱ ላይ ተወጥረዋል። በአንድ እጁ ሥጋ፣ በሌላው ለስላሳ ይዞ አፉን ከፍቶ ይስቃል። ዲዛይነሩ ዓይኑን በጥቁር ሸፍኖታል። ከላይ በቀይ «እንዲህ ሳይሆኑ ይመርመሩ!» ይላል።

ትክክለኛው ፎቶ አልተገኘም። ዲዛይነሩም ጊዜ አልነበረውም፤ ዝም ብሎ ነው የላከው። ለማንኛውም ዓይኑ ተሸፍኗል፤ ማንም አይለየውም። ኃላፊው «ይሄ ነው እንጂ!» ብሎ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። ከሰዓት በኋላ በየታክሲ ማቆሚያው፣ በገበያው፣ በጤና ጣቢያው ተለጠፈ።

ግንቦት 20

ታክሲ ውስጥ ከኋላዬ ሁለት ሴቶች።

«ይሄ ሰውዬ ልብስ ሰፊው አይደል እንዴ?»

«የቱ ልብስ ሰፊ?»

«ገበያው ጀርባ ያለው ነዋ፣ ሱሪ ሲያሳጥር ቁና ቁና የሚተነፍሰው።»

«ውይ በሞትኩት! ምን አድርጎ ነው ዓይኑን የሸፈኑት?»

«ምን አውቄ! ጤና ቢሮ በከንቱ አይለጥፍህም። የሆነ ተላላፊ ነገር ይኖርበታል።»

«እኔ እኮ ቀሚሴን ለሱ ነው የሰጠሁት።»

«ስትቀበዪው እጠቢው።»

ተላላፊ አይደለም ብዬ መዞር ነበረብኝ። ሥራዬም እሱ ነው፤ ደመወዝ የሚከፈለኝ ይህን ለማስረዳት ነው። ከመውረጃዬ ሁለት ማቆሚያ ቀድሜ ወረድኩ።

ግንቦት 22፣ ማታ

ጋሼ ቤት ሄጄ ነበር፤ ከልብስ ስፌት ሱቁ ጀርባ ነው።

ታላቄ ነው። አባታችን ከሞተ በኋላ ያሳደገኝ እሱ ነው፤ የደብተሬም የጫማዬም ምንጭ ያች የስፌት መኪና ነበረች። ግፊት ከተገኘበት ቆይቷል፤ ግን ጎበዝ ታካሚ ነው። ከሱቁ ግድግዳ ወዲያ ጋሽ ፎቶ የምንለው ፎቶ አንሺ አለ፤ እሱም ባለ ግፊት ነው። በየወሩ የመጀመሪያው ረቡዕ ቀጠሯቸው ነው። ሱቃቸውን ዘግተው በእግራቸው እየተራረቡ ይሄዳሉ፤ ግፊቱ ከፍ ያለበት ሰው ሻይ ይጋብዛል። ሲስተሮቹ በነሱ ይስቃሉ። እኔ ራሴ ሥልጠና ላይ «ታካሚዎች እንዲህ ይደጋገፉ» እያልኩ ምሳሌ አድርጌያቸው አውቃለሁ።

ስገባ ጋሼ «ነይ እታለም» አለኝ እንደ ወትሮው። ስለ ፖስተሩ ያነሳችው ሚስቱ እትዬ ናት።

«ሰምተሻል መቼም። የሰፈሩ ልጆች ስም አወጡለት። 'ይመርመሩ! ይመርመሩ!' እያሉ ነው የሚከተሉት።»

«በስተርጅና ክርስትና ተነሳሁ» አለ ጋሼ። ሳቀ። እኛ አልሳቅንም።

«ሆዱስ ይሁን» አለች እትዬ፣ «ሆዱ የሱ ነው። ዓይኑን መሸፈናቸው ነው ያንገበገበኝ። ሌባ አስመሰሉት። ካንቺ መሥሪያ ቤት አይደል የወጣው? ማን እንደሰጣቸው አታጣሪልንም?»

«አጣራለሁ» አልኩ።

«ምን ይጣራል» አለ ጋሼ ወደ ግድግዳው እያየ። «ፎቶ ያለው ማን ነው? ፎቶ አንሺ ነው።»

ጋሽ ፎቶ የምረቃው ዕለት ካሜራውን ይዞ መጥቶ ነበር፤ እውነት ነው። ያን ሰዓት መናገር ነበረብኝ። ሻዬ ትኩስ ነበር፤ ሳይበርድ ጨርሼ ወጣሁ። ነገ ረጋ ብዬ እነግረዋለሁ።

ግንቦት 27

አልነገርኩትም። ስብሰባ፣ ሪፖርት፣ የዳቦ ቤቶች የጨው ውይይት።

እትዬ ደወለች። ጋሼ ትናንት ጋሽ ፎቶን መንገድ ላይ ይዞ ጮኾበታል። «ስንት ሸጥከኝ?» ብሎት። ጋሽ ፎቶ በልጆቹ ምሏል። ሰው ተሰብስቦ ገላገላቸው፤ እንኳን ሊመታው አንድም ቀን ክፉ ተናግሮት የማያውቅ ሰው። አሁን ጋሼ የስፌት መኪናውን አዙሮ ጀርባውን ለመንገዱ ሰጥቶ ይሰፋል አለች።

ለእሑድ እሄዳለሁ።

ሰኔ 5

እሑድ አልሄድኩም። ራሴን አሞኝ ነበር።

ዛሬ ጤና ጣቢያ ለክትትል ሄድኩ። ወረፋው በር ድረስ ወጥቷል። ግፊት የምትለካው ሲስተር ከደስታዋ ብዛት ጉልበቴን ልትስም ምንም አልቀራት።

«ያ ሰውዬ ይባረክ! ሰው እሱን አይቶ ነው የሚመጣው። ትናንት አንዱ ገብቶ 'እንደዛኛው ሳልሆን ለኪኝ' አላለኝም?»

ፖስተሩ ከመለኪያው ወንበር ትይዩ ነው የተለጠፈው። የተቀመጠ ሰው ሌላ የሚያየው ነገር የለም።

«ራሱ ሰውዬው ግን ቀረ» አለች፣ የእጅ ማሰሪያውን እያጠፈች። «ትናንት ቀጠሮው ነበር። ጓደኛውም ቀረ። እነሱ እኮ ቀርተው አያውቁም። ታመሙ ይሆን?»

አላውቅም አልኳት።

ሰኔ 6

ማንም ሳይገባ በጠዋት ሄጄ የመለኪያ ክፍሉን ፖስተር ላጥኩት። ሙጫው ጠንካራ ነው፤ የሸሚዙ ቁራጭ ግድግዳው ላይ ቀረ።

ሰኔ 9

ሲስተር ሌላ ለጠፈች። በላስቲክ ሸፍናዋለች።

«ቀደውት አገኘሁ፤ የታካሚ ልጆች ይሆናሉ» አለችኝ።

«ልጆች ባለጌ ሆነዋል» አልኳት።

ሰኔ 13

ከጤና ጣቢያው በራሴ ስም ለምኜ ለጋሼ የአንድ ወር ክኒን ወሰድኩለት። «አለኝ» አለ ቀና ሳይል። እትዬ ከኋላው ቆማ ባዶ መያዣ አሳየችኝ።

ፊቱ ቀልቷል። ግንባሩን በመዳፉ እየጫነ ነው የሚሰፋው። ሱቁ ውስጥ የተሰቀለው ልብስ ጥቂት ነው።

«መለኪያ ይዣለሁ፤ እጅህን አንዴ ብቻ ስጠኝ ጋሼ።»

«እዚህ? ሰው እያየ?» መቀሱን አነሳ። «አገር በሙሉ ለክቶኛል፤ ይበቃኛል።»

«ራስህን ትጎዳለህ እኮ። ይህ በሽታ ድምፅ የለውም። አንድ ቀን ድንገት…»

«አውቀዋለሁ። ስታስተምሪ ሰምቻለሁ።»

ክኒኑን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ትንሽ ቆምኩ። የሚጠብቀኝ ነገር ያለ ይመስል ያየኝ ነበር። ታክሲ እንዳያመልጠኝ ብዬ ወጣሁ። ታክሲ መቼም አያመልጥም፤ በየደቂቃው ነው የሚመጣው።

ሰኔ 20

ጎብኚዎቹ መጡ። ሁሉም አማረ። የዳቦ ቤቶቹ ማኅበር ሰብሳቢ ጨው ቀንሰናል ብሎ ዳቦ አስቀመሰ፤ አንዱ ጎብኚ «ጨውስ ቀንሳችኋል፤ ዳቦውን ግን ለምን ቀነሳችሁት?» ብሎ አሳቀን። የተለካው ሰው ቁጥር ከዕቅዱ እጥፍ ሆኗል። የቡድናቸው መሪ ሴትዮ ፖስተሩ ፊት ቆማ ብዙ አየችው።

«ይህን በአገር ደረጃ እናሳትመዋለን» አለች። ከዚያ ወደኔ ዞራ፣ «ሰውዬው ፈቅዶ ፈርሟል አይደል?»

ኃላፊው አየኝ።

«ፈርሟል» አልኩ።

«በሚቀጥለው ሳምንት ላኩልን።»

ሲሸኙ ኃላፊው ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ። «ፊርማዋን ላኪና ስለዚያች ክፍት ቦታ እንነጋገራለን።»

ሰኔ 22

የጋሼን ፊርማ አውቀዋለሁ። በልጅነቴ የትምህርት ቤት ካርዴ ላይ የሚፈርመው እሱ ነበር። አንድ ክብ፣ ከዚያ ወደ ታች የወረደ ጭራ። እዚህ ገጽ ላይ ሦስቴ ሞክሬው ሰርዤዋለሁ። ሦስተኛው ልክ ነበር።

ሰኔ 24

ጥፋቱ የዲዛይነሩ አይደለም። ከማተሚያ ቤት በፊት የመጨረሻውን ማየት የኔ ድርሻ ነበር። አየሁት። ጥቁሩንም አየሁ፣ ጽሑፉንም አነበብኩ። ሳየው ሳቄ መጣ። ከዚያ «ይታተም» ብዬ ጻፍኩበት።

ለዚህ ደብተር እንኳን ስዋሽ ከረምኩ፤ ማን እንደሚያነበው እንጃ።

ሰኔ 25፣ ማታ

ሄድኩ። የስምምነቱ ወረቀት ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። ሱቁ ውስጥ ሰው አልነበረም። ጋሼ የቀሚስ ጠርዝ ይሰፋል፤ የዓይኑ ሥር አብጧል። ተቀመጥኩ። ስለ ዝናቡ አወራሁ። ልጄ ሥራ እየፈለገች ስለመሆኗ አወራሁ። እሱ ክሩን በጥርሱ በጠሰና፣

«በይ አውጪው» አለኝ።

«ምኑን?»

«ከገባሽ ጀምሮ ቦርሳሽን ታቅፈሻል። አውጪው።»

ሰጠሁት። መነጽሩን አድርጎ ከላይ እስከ ታች አነበበ። ቀና አላለም።

«እኔ ነኝ ጋሼ» አልኩ። «ፎቶውን የሰጠሁት እኔ ነኝ።»

«አውቃለሁ።»

ወረቀቱን ጭኑ ላይ አስቀመጠ።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ካየሁት ቀን። የምረቃው ዕለት ፊት ለፊቴ የተቀመጥሽው አንቺ ነበርሽ። ያን ሁሉ ጥርስ ያስገለፈጠኝም አንቺ ያልሽው ነገር ነው። ምን እንዳልሽ ግን ጠፍቶብኛል።»

«ታዲያ ጋሽ ፎቶን ለምን…»

«የሚገባው ደንበኛ ሁሉ 'ማን ሰጣቸው?' ይለኛል። እህቴ ናት ልበል? 'ጤና ቢሮ እህት አለችኝ' እያልኩ አገር ሳደነቁር የኖርኩ ሰው?» መነጽሩን አወለቀ። «እሱ ወዳጄ ነው። ብጣላው ነገ እታረቀዋለሁ አልኩ። ካንቺ ጋር ከተጣላሁ ግን መመለሻውን አላውቀውም።»

መነጽሩን በሸሚዙ ጫፍ ጠረገ።

«ደግሞ ራሷ መጥታ ትናገራለች አልኩ። ስትዘገዪ ሥራ በዝቶባት ነው አልኩ። ያን ቀን ክኒን ይዘሽ ስትመጪ፣ በቃ ዛሬ ነው አልኩ። ክኒኑን አስቀምጠሽ ውልቅ አልሽ።»

«አፍሬ ነው ጋሼ።»

«እሱንማ አየሁ።» ወረቀቱን በሥርዓት አጥፎ መለሰልኝ። «አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ፊርማ ባይፈለግ ኖሮ ዛሬ ትመጪ ነበር?»

አዎ ማለት ነበረብኝ። አፌን ከፈትኩ። ቃሉ አጭር ነው።

«ተዪው» አለኝ። «አትመልሺ።» እግሩን መርገጫው ላይ አደረገ። «ለኔ መንገርሽ ምንም አያደርግ፤ እኔ አውቀው ነበር። የማያውቀው ከግድግዳው ወዲያ ያለው ሰውዬ ነው።»

አልፈረመም። እኔም ፈርምልኝ አላልኩትም። ይህችን እንደ ትልቅ ነገር ቆጥሬ እየጻፍኳት ነው።

ሰኔ 27

ጋሽ ፎቶ ጉርድ ፎቶዎች በምላጭ እየቆረጠ ነበር። ፖስተሩ ስለሚያስጠላው ይመስለኛል፣ የመንገዱን መስኮት በካርቶን ሸፍኖታል።

«ጉርድ ነው?»

«አይደለም» አልኩ። ቆሜ ነገርኩት። ምላጩ አልቆመም፤ አንድ ሴትዮ ዙሪያዋን ቆርጦ ጨረሰ፣ ሌላ ጀመረ።

«ሁለት ሰርግ ተሰርዞብኛል» አለ። «'ይሄ ሰውዬ ይሸጠናል' ብለው። እሱም ይሁን። አንድ ቀን ሚስቴ፣ መብራት ካጠፋን በኋላ፣ 'እውነት አልሸጥከውም?' አለችኝ።»

«ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

«እሱ አሁን ያውቃል?»

«መጀመሪያም ያውቅ ነበር። እኔን እንዳያሳፍረኝ ነው እርስዎን…»

ምላጩ ቆመ።

«ያውቅ ነበር?»

የጋሼ የስፌት መኪና በግድግዳው በኩል ይሰማል። ጋሽ ፎቶ ተነሳ። ፊቱ ደም መስሏል፤ እሱም ክኒኑን እየወሰደ እንዳልሆነ ያኔ ገባኝ። በቡጢ ግድግዳውን ነረተው።

«አንተ ከብት! አንተ ደንቆሮ! ረቡዕ ቀጠሮ ነው!»

መኪናው ፀጥ አለ። ብዙ ቆየ። ከዚያ ድምፁ ቀስ ብሎ ተነሳ።

ጋሽ ፎቶ ተቀመጠና ምላጩን ይዞ፣ ሳያየኝ፣ «አንቺን ግን እዚያ እንዳላይሽ» አለኝ።

ሰኔ 30

ለኃላፊው «አልፈረመም» አልኩት።

«ፈርሟል ብለሽ አልነበር?»

«ዋሽቼ ነው።»

ወዲያው ከቡድኑ ትንሿን ጠርቶ ለበላይ የሚላከውን ደብዳቤ እሷ እንድታረቅ አዘዘ። በዚሁ ክፍት ቦታው ተዘጋ ማለት ነው። ያሳዝነኛል ብዬ ነበር። ያሳዝነኛል።

ፖስተሮቹ እንዲነሱ ለጤና ጣቢያው ስደውል ሲስተር ተቆጣች።

«ሰው መምጣት የጀመረው በሱ ነው! ለምን ይነሳል?»

«ሰውዬው አልፈቀደም።»



«ታዲያ ማነው የፈቀደው?»

ሐምሌ 2፣ ረቡዕ

የወሩን ሪፖርት ለመውሰድ ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ሪፖርቱ በስልክ ሊላክ ይችል ነበር። ረቡዕ መሆኑንም አልረሳሁም።

የመለኪያ ክፍሉ ጥግ ላይ ካለው ጠረጴዛ ተቀምጬ ወረቀት ሳገላብጥ መጡ። ጋሽ ፎቶ ከፊት፣ ጋሼ ትንሽ ራቅ ብሎ ከኋላ። አልተራረቡም። ጋሽ ፎቶ አየኝና ፊቱን መለሰ። ጋሼ አየኝ፤ ምንም አላደረገም። ወንበሩ ትይዩ ያለው ግድግዳ ባዶ ነው።

ሲስተር «እናንተ ከሃዲዎች! የት ጠፋችሁ?» ብላ ተቀበለቻቸው። ጋሽ ፎቶን ለካች፤ ምላሷን ጠጠጠ አደረገች። ጋሼን ለካች። ማሰሪያውን ፈትታ በሌላው እጁ አሰረች። እንደገና ለካች።

«ጋሼ፣ ራስዎን ያምዎታል?»

«ትንሽ።»

«ዓይንዎ አጥርቶ ያያል?»

«መርፌው ውስጥ ክር ማስገባት አቅቶኛል፣ ከሰሞኑ።»

ከሃዲ ምናምን እያለች መቀለዱን ትታለች። ሐኪሙን አስጠራች። መድኃኒት ተሰጥቶት እዚሁ ይተኛ፣ እስኪወርድ እየተለካ ይቆይ፣ ካልወረደ ወደ ሆስፒታል ይሄዳል ተባለ። አልጋው ላይ ስታስተኛው ቸኩላ ጠየቀችው።

«አብሮዎት የሚሆን ዘመድ አለ?»

ብድግ አልኩ። ወረቀቶቹ ከጭኔ ላይ ወደቁ።

ጋሼ አላየኝም። በአገጩ ወደ ጋሽ ፎቶ አመለከተ። «ይሄ አለ።»

ሲስተር እኔንና እሱን አፈራርቃ አየች። «እሳቸውስ? እህትዎ መሰሉኝ፤ ትመሳሰላላችሁ።»

«የቢሮ ሰው ናት» አለ።

ያለ ቁጣ ነው ያለው። ለማያውቃት ሰው መንገድ እንደሚያሳይ ሰው።

ወረቀቶቼን ለቃቅሜ ወጣሁ። ኮሪደሩ ውስጥ፣ በሩ አጠገብ፣ እንደ ሌላው ሰው አግዳሚ ላይ ተቀምጬ ጠበቅኩ። ከቆይታ በኋላ የመለኪያው ድምፅ ተሰማ፣ ተነፈሰ። በሩ ገርበብ ብሎ ነበር። ሲስተር ጎንበስ ብላ ቁጥሩን ለጋሽ ፎቶ በጆሮው ነገረችው፤ ለቤተሰብ እንደሚነገረው። እሱ ራሱን ነቀነቀ።

ቁጥሩን አልሰማሁትም።